ስኳር አልቀምስም ብዬ ጥርሴን የነከስኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ተነሥቻለሁ። ተነሥቻለሁ ስል ተቀምጬ ነው፣ ጥላዬ በመጋረጃው እንዳይታይ። እናንተም እባካችሁ አሜናችሁን በጉሮሯችሁ ያዙልኝ። እልል ማለት ያማረው ሰው በልቡ እልል ይበል፣ ጌታ እንደሆነ ሹክሹክታም ይሰማል። ግድግዳው ጭቃ ነው። ከማዶ ያለው ሰውዬ ሲያነጥስ እኛ እዚህ ሆነን "ይማርህ" እንላለን፤ እንግዲህ እሱም የእኛን ይሰማል ማለት ነው።

ደግሞም ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ የምጠራው ስም ሁሉ የውሰት ስም ነው። እኔንም አስካለ በሉኝ። ምን ላድርግ፣ ጠርጣራ ነኝ! ጌታ ብዙ ነገር ለውጦልኛል፣ ስሙ ይባረክ፣ ይህቺን ግን ገና እየሠራባት ነው።

የተወለድኩት ያደግኩት እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። ደወሉ ሲደወል ተነሥቼ፣ ደወሉ ሲደወል ተኝቼ ነው ያደግኩት። ያን ክፉ ጊዜ ታስታውሱታላችሁ፣ የሰፈራችን ጎረምሳ ሁሉ እየታፈሰ ሲወሰድ። ማን ጠቆመው? ጎረቤቱ። ማን ነው ጎረቤቱ? አይታወቅም። ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ "ምን ፈልጎ ነው?" እል ጀመር። ሥራዬም አልረዳኝም። ፒያሳ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ነው የምሰፋው፤ ሰው ሲለካ ምን እንደሚያደርግ አይቼ ጠግቤያለሁ። ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሰፊውን ሊያታልል። እኔም ሰው ሁሉ ሆዱን ስቦ የሚኖር መሰለኝ።

እንግዲህ የእኔ ገላ ደግሞ አልሳብ አለ። ካገባሁ በኋላ ዝም ብሎ መጨመር ጀመረ። እንደ ሰው ነው የምበላው፤ እንዲያውም ያንን የራሽን ዱቄት ማን ጠግቦት ያውቃል? ግን ወገቤ ሰፋ፣ ደረቴ ሰፋ፣ አንገቴ ጠቆረ። የወር አበባዬ ይጠፋና ይጠፋና፣ ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ ነው። ወንድሞች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ምስክርነት ስለሆነ ነው የምናገረው። አገጬ ላይም ጠጉር በቀለ። ባሌ ግርማ ሳይነቃ እነሣና በወረንጦ እነቅላለሁ። ግማሹ ሰው "ስንት ወርሽ ነው?" ይለኛል፣ ግማሹ "ሰው በራሽን ሲኖር አንቺ ከየት አገኘሽው?" ይለኛል። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ጓድ የሺ እንበላት፣ ስብሰባ ላይ ስለ አሻጥረኛና ስለ እህል ደባቂ ስትናገር ዓይኗ እኔ ላይ ያርፍ ነበር። እኔ ደግሞ አጎነበስኩ። ያጎነበሰ ሰው የደበቀ ይመስላል!

ግርማ በግድ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ መረመረኝ፣ ደም አስወሰደኝ፣ በቀጠሮ ተመለስኩ።

"ኦቫሪ የሚባሉት፣ እንቁላል የሚያበስሉት" አለኝ፣ "ብዙ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይዘዋል። የወር አበባሽን ያዛባው፣ ጠጉሩን ያበቀለው፣ ውፍረቱንም ያባባሰው ይኸው በሽታ ነው። ስኳርሽም ከፍ ብሏል።"

"ስኳር?" አልኩት። "እናቴ እኮ በስኳር ነው የሞተችው። መጀመሪያ እግሯን ቆረጧት፣ ከዚያ ሞተች።"

"እንግዲያው አንቺ በእሷ መንገድ አትሂጂ። ክብደትሽን መቀነስ አለብሽ። ይህ ክኒን የስኳሩ ነው፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር። ይህኛው የወር አበባሽን ያስተካክላል። በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ። በየወሩ እየመጣሽ ልይሽ።"

ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኔን አላየኝም፤ ካርዴ ላይ እየጻፈ ነው የሚያወራኝ። ዓይንን የማያይ ሰው ምን ይደብቃል? ብዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ያን ሁለተኛውን ክኒን ማኅበራችን ውስጥ አጠገቤ ለምትሰፋው ሴት አሳየኋት። "ውይ በሞትኩት!" አለች። "ይህ እኮ የወሊድ መከላከያ ነው! እኔ ራሴ ወስጄዋለሁ።" አያችሁልኝ? ልጅ አጥቼ ስንከራተት መከላከያ ይሰጠኛል! ማን አዝዞት ነው? አልኩ። ቤቴ ገብቼ ያንን ክኒን ጤፍ ማስቀመጫው ግርጌ ቀበርኩት። የስኳሩን ግን አጥብቄ ያዝኩት። የእናቴ እግር ከዓይኔ አይጠፋም ነበርና።

አሁን እትዬ ወርቅነሽ ይምጡ። ከግቢያችን ማዶ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድሮ ትምህርት ቤት ጥልፍ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ናቸው። እኚህ ሴት በየማለዳው በእግር ይሄዳሉ። መሄዳቸውስ ደግ፣ ግን ሰኞ ከአንዷ ጋር ነው፣ ማክሰኞ ከሌላዋ ጋር ነው፣ ሐሙስ ደግሞ ከሌላዋ ጋር። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው፣ ሦስት አይሆኑም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ደግሞ ድንገት ጮክ ብለው "አይ ይህ ብርድ፣ መቼ ይሆን የሚለቀን!" ይላሉ። ሰኔም ይሁን ግንቦት፣ ብርድ ነው ወሬያቸው። እኔ በመስኮት ሆኜ አየሁ፣ አየሁ፣ አየሁና ፈረድኩ፦ ጆሮ ጠቢ ናቸው! በየቀኑ ከአንዷ ወሬ እየለቀሙ ለቀበሌ የሚያደርሱ።

አንድ ቀን እኚሁ ሴት በሬ ላይ ቆሙ። "አስካለዬ፣ ሐኪም በእግርሽ ሂጂ ብሎሻል አሉ። ረቡዕ ረቡዕ እኔ ሰው የለኝም። አብረን እንሂድ?"

ሐኪም ያለኝን ማን ነገራቸው? ለካ የእኔው ግርማ ነው፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሁሉን ዘርግፎታል። እምቢ ልበል አልኩ፤ ግን ጆሮ ጠቢን እምቢ ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። "እሺ እትዬ፣ ደስ ይለኛል" አልኩ፣ ሆዴን ስቤ!

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ከጊዮርጊስ እንነሣና በምኒልክ አደባባይ አድርገን፣ ፒያሳን አቋርጠን ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል እንወርዳለን፤ ከዚያ ያንን የቸርችል ዳገት እያለከለክን መመለስ። እሳቸው ሲያሻቸው ዝም ይላሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሲያሻቸው ይጠይቁኛል። "እንቅልፍ ትተኛለሽ ልጄ? ምን ያስፈራሻል?"

ወገኖቼ፣ በዚህ ዘመን "ምን ያስፈራሻል" ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? መርማሪ አይደለም? "ምንም እትዬ" አልኩ። "አብዮቱ እያለ ምን ያስፈራኛል?" እሳቸው ሳቅ አሉ። ሳቃቸው ራሱ አስፈራኝ።

ይህ እንዳለ ጓድ የሺ ለዩኒፎርም ልትለካ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። ወገቧን በሜትር ይዤ ሳለሁ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ "ጓድ አስካለ፣ ከወይዘሮ ወርቅነሽ ጋር ስትሄዱ ምን ታወራለች?" አለችኝ።

"ስለ ብርድ" አልኳት።

"ስለ ብርድ ብቻ?"

"ስለ ብርድና ስለ እንቅልፍ።"

ሄደች። እኔ ግን ሜትሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሴትዮዋ የቀበሌ ሰው ከሆኑ ቀበሌ ስለ እሳቸው ለምን ይጠይቃል? ሊፈትኑኝ ነው! ሁለቱ ተማክረው እኔን ሊፈትኑኝ ነው! አያችሁ ጥርጣሬ እንዴት እንደሚያበላሽ? እውነቱ በር ከፍቶ ሲገባም "ማን ላከህ?" ትሉታላችሁ። ጌታ ሆይ፣ ምሕረትህ ብዙ ነው!

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እኔ እንደ ወትሮዬ ጾም ያዝኩ። ስለ ጾሙ የምናገረው ክፉ የለኝም፣ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። የእኔ ስሌት ነው ጠማማው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፣ ለነፍሴም ለሥጋዬም ይሆናል፣ በዚያው እከሳለሁ አልኩ። የስኳሩን ክኒን ግን በጠዋቱ በውሃ እውጣለሁ፣ መድኃኒት ጾም አያፈርስም ብዬ። ከቁርስ ጋር የተባለውንማ፣ ጾም ላይ ምን ቁርስ አለ? ደግሞ አንዲት ዘመዴ "አብሽ ለስኳር ፍቱን ነው" አለችኝ፣ የአብሽ ውሃ ዘፍዝፌ ማለዳ ማለዳ እጠጣለሁ። በዚያ ላይ ረቡዕ ረቡዕ ያ ዳገት። ለሐኪሙ ተናገርሽ ወይ? በሉኝ። አልተናገርኩም! እሱ መቼ ዓይኔን አየኝና!

ቀሚሴ ሲሰፋኝ ደስ አለኝ። ረፋዱ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ስቡ እየቀለጠ ነው አልኩ። ልቤ ሲመታ፣ ደሙ ቦታ አግኝቶ ነው አልኩ። የሰውን ቃል የማያምን ሰው የራሱን ቃል እንዴት እንደሚያምን ተመልከቱ።

ያች ረቡዕ መጣች። ከቴዎድሮስ አደባባይ ዳገቱን ጀምረናል። መሬቱ ዞረብኝ። ላቤ ቀዘቀዘ፣ አፌ ተሳሰረ፣ እግሬ ከዳኝ፣ አጥር ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እትዬ ወርቅነሽ "በባዶ ሆድሽ ነው እንዴ የወጣሽው? አንቺ ልጅ!" ብለው እዚያው ካለው ሻይ ቤት ሮጠው ገቡ። ስኳር የበዛበት ሻይና አንድ ቁንጥር ስኳር ይዘው ወጡ። በራሽን ዘመን ባለ ሻይ ቤቱ እንዴት እንደሰጣቸው እንጃ። ብርጭቆውን ወደ አፌ ሲያመጡ ሽታው መጣልኝ። ሻይ፣ ስኳር! ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ስኳር! ሊገድሉኝ ነው! አልኩ በልቤ። ይኸው እውነተኛ መልካቸው!

ጥርሴን ነከስኩ ወገኖቼ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ሰውነቴን ይወርረኛል። ሕይወቴ ከንፈሬ ላይ ቆማ እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። "ጠጪ ልጄ፣ በእናትሽ ጠጪ" ይሉኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም።

ዓይኔን ስገልጥ ሐኪም ቤት ነኝ። ክንዴ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ያው ሐኪም አጠገቤ ቆሟል፣ ግርማ እግርጌ ያለቅሳል። ሐኪሙ ያን ቀን ዓይኔን አየኝ። ቁጣ ነበረበት።

"በባዶ ሆድሽ ክኒን ዋጪ ያለሽ ማነው?"

"ጾም ላይ ነኝ። አብሽም..."

"አብሽም! ስሚ፣ ክኒኑ ስኳርሽን ያወርዳል፣ ጾሙ ያወርዳል፣ አብሹ ያወርዳል፣ ዳገቱም ያወርዳል። አውርደሽ አውርደሽ ምን ልታስቀሪ ነበር? ስኳር ሲበዛ ቀስ ብሎ ይገድላል፤ እንዲህ ሲያልቅ ግን በዚያችው ሰዓት ነው የሚገድለው።"

"እንድከሳ አላልክም?"

"ክሺ አልኩሽ እንጂ ሙቺ አልኩሽ? መድኃኒት እየወሰድሽ ስትከሺ ቀስ ብለሽ ነው፣ እኔም እያየሁሽ ነው። አበላልሽን ከመቀየርሽ በፊት ትነግሪኛለሽ። መጾም ብታስቢ ትነግሪኛለሽ። ባህል መድኃኒት ብትጀምሪ ትነግሪኛለሽ። ክብደትሽ ሲቀንስ ክኒኑን እኔ እቀንስልሻለሁ። ያች አብራሽ የነበረች ሴት ድድሽን በስኳር ባታሽልሽ ኖሮ ታክሲው ሬሳ ነበር የሚያመጣልን።"

ያኔ ስለ ሁለተኛው ክኒን ነገርኩት፣ ጤፍ ሥር እንደቀበርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አዎ፣ እርግዝናም ይከላከላል" አለኝ። "አንቺ ግን ወራት ሙሉ ደም ሳታዪ ትከርሚያለሽ። የማኅፀንሽ ግድግዳ ያን ሁሉ ጊዜ እየወፈረ ነው፣ ይህ ደግ አይደለም። በየወሩ እንዲጠረግ ነው የሰጠሁሽ። ልጅ ስታስቢ ንገሪኝ፣ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ እንሄዳለን። ግን ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?"

ምን ልበለው? ስለማላምንህ ልበለው?

ከዚያ ግርማ ካዩት ሰዎች ሰምቶ፣ ጎንበስ ብሎ የነገረኝን ልንገራችሁ። እኔ ራሴን ስቼ ወድቄ ሰው ከቦኛል። አብዛኛው ይመክራል፣ ክብሪት አሽትቷት የሚል አለ፣ ውሃ ድፉባት የሚል አለ። እትዬ ወርቅነሽ አስፋልቱ ዳር ተንበርክከው፣ በአንድ እጃቸው ስኳሩን ከንፈሬ ውስጥ እያሹ፣ በሌላው እጃቸው ራሴን ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ አትውሰዳት! ገና አላወቀችህም፣ አትውሰዳት!" እያሉ ጸለዩ። በጠራራ ፀሐይ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ሲያልፉ "ብርድ ነው" ይሉ የነበሩት ሴት! ከሰዉ መሐል አንዱ "ጴንጤ ናት!" አለ። እሳቸው ዝም አላሉም። ሴይቼንቶ ታክሲ አስቁመው እኔን ጭነው እስኪሄዱ ድረስ አላቆሙም።

በማግሥቱ ቀበሌ መጥቶ ወሰዳቸው። መጤ ሃይማኖት ታስፋፋለች ተብሎ።

ወገኖቼ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያን ሳስብ ጥርጣሬዬ ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ጆሮ ጠቢ አደባባይ ላይ ራሱን አይሰጥም። ሰላይ ለጎረቤት ብሎ አይታሰርም። እነዚያ ሴቶች፣ ሰኞ አንዷ፣ ማክሰኞ ሌላዋ፣ እነዚያ ከንፈሮች! እየጸለዩ ነበር! ቤተ ክርስቲያናቸው ሲታሸግባቸው፣ ቤት ውስጥ መሰብሰብም ሲከለከል፣ ሁለት ሁለት ሆነው መንገዱን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ሁለት ሴት ብርድ እያወራች ብትሄድ ስብሰባ ነው የሚላት የለም። "ምን ያስፈራሻል" ያሉኝም ለጸሎት ኖሯል። ጌታ ይባረክ! ቀስ በሉ፣ ቀስ...

ወደ ሥራ ስመለስ ጓድ የሺ ልብሷን ልትወስድ መጣች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። "ወርቅነሽ ስትወድቂ ምን እያለች ነበር የጸለየችው? ብዙ ሰው ሰምቷል፣ አንቺ ግን አጠገቧ ነበርሽ። ቃልሽ ያስፈልጋል።"

የምትፈልገውን ብናገር እሳቸው እስር ቤት ይሰነብታሉ። እምቢ ብል እኔም እከተላቸዋለሁ።

"ጓድ የሺ" አልኳት፣ "እኔ ራሴን ስቼ ነበር። ሐኪሙን ጠይቂ። አንዲት ቃል በጆሮዬ አልሰማሁም። የማውቀው ሞቼ እንደነበርና እሳቸው ስኳር ይዘው እንደደረሱልኝ ነው። ይህን ከፈለግሽ የትም ቆሜ እናገራለሁ።"

ልብሷን ይዛ ሄደች። ውሸት አልነበረም ወገኖቼ። ያ እኔን ሊገድለኝ የነበረ ውድቀት ለእሳቸው መከታ ሆነ። ሃሌሉያ!

ሐኪሙ ሂጂ ብሎኛልና ብቻዬን እሄድ ጀመር፣ አሁን ቁርሴን በልቼ፣ ክኒኔን ከምግቤ ጋር ወስጄ፣ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ይዤ። አንድ ጠዋት የወደቅኩበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። መጸለይ ፈለግኩ፣ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ዳዊት በቃሌ አውቃለሁ፣ ግን ያን ቀን የራሴን ቃል ፈለግኩ። አፌ ያመጣው ይህን ነው፦ "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አንተንም እጠረጥርሃለሁ። ምን ፈልገህ ነው ያዳንከኝ? እኔ ለማንም አልጠቅምም። ነገር ግን ያች ሴት ስለ አንተ ታስራለች፣ አንተ ደግሞ ስለ እኔ ተሰቅለሃል ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። እንግዲህ እጄን ሰጥቼሃለሁ፣ ያዘኝ።"

ሰማይ አልተከፈተም። መብረቅ የለም፣ ድምፅ የለም፣ አንድ አውቶቡስ ጭሱን እየለቀቀብኝ አለፈ። እኔ ግን አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሣልኝ፣ ትንፋሼ እስከ ታች ደረሰ። ሆዴን መሳብ አቆምኩ።

እንባዬን እየጠረግሁ ዳገቱን ስጀምር አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ከጎኔ ገባች። ማን ላካት? አልኩ፣ አመል ነዋ! ወደ ፊት እያየች፣ "አይ ይህ ብርድ" አለች። ፀሐይዋ ግንባር ትበሳለች። "እኔ የእትዬ ወርቅነሽ ማክሰኞ ነኝ። አንቺ ረቡዕ አይደለሽም?"

"ነኝ" አልኳት። ነኝ ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ! ሁለታችን እየሄድን ጸለይን። ከዚያ ሐሙስን አገኘኋት፣ ሰኞን አገኘኋት። የሰሙትን ለማንም የማይነግሩ እህቶች አገኘሁ።

ሰውነቴስ? ቀነሰ፣ ክብር ለጌታ ይሁን፣ ግን በሐኪሙ አካሄድ ነው የቀነሰ። ምሳ ሳልዘል፣ ዘይቱን ቀንሼ፣ ጎመኑን አብዝቼ፣ ሻዬን ያለ ስኳር፣ በየቀኑም እግሬ መንገድ ላይ። አንዳንድ ወር ምንም አይቀንስም፣ እናደዳለሁ። ሐኪሙ ግን "እንዲህ የሄደው አይመለስም፣ ተዪው ቀስ ይበል" ይለኛል። የቀበርኩትን ክኒንም አውጥቼ ጣልኩና በአዲስ ትእዛዝ እሱ እንዳለኝ ወሰድኩ፣ የወር አበባዬ መስመር ያዘ። በኋላ የስኳሩን ክኒን በግማሽ ቀነሰልኝ። እግሬ ይኸው፣ ሁለቱም አሉ። የእናቴ ልጅ በሁለት እግሯ ትሄዳለች!

ከብዙ ወራት በኋላ እትዬ ወርቅነሽ ተፈትተው ሲመጡ መንገድ ላይ ተገናኘን። ፈገግ ብዬ ወደ እሳቸው ስሄድ አቅጣጫ ቀየሩ። ብከተላቸው ፈጠኑ። ለካ የማያውቋት ሴት የምትከታተላቸው መስሏቸዋል! "እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ረቡዕ!" ብዬ ጮህኩ። ዘወር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አስካለ? ግማሽሽን የት ጣልሽው?" አሉኝና ተቃቅፈን ተላቀስን።

እኔ ግን እኔ ነኝና፣ ሳልፈትናቸው አላለፍኩም። ሰዉ ስለ አማኞች "ጸልየው መድኃኒት ይጥላሉ" ይል ነበር። እና አብረን ከጸለይን በኋላ ወጥመዴን ዘረጋሁ፦ "እትዬ፣ እንግዲህ ጌታ ከፈወሰኝ ይህን የቀረውን ክኒን ልጣለው?"

"ክኒኑን የሰጠሽ ማነው?"

"ሐኪሙ።"

"ይጣል የሚለውም እሱ ነው። ጌታ ለሐኪሙ መናገር አቅቶት በእኔ በኩል የሚልክብሽ መሰለሽ? እኔ እጸልያለሁ፣ አንቺ ዋጪ፣ እሱ ይመርምር። ፈዋሹ እንደሆነ አንድ ነው።"

ያን ቀን ነው ጥርሴን ሙሉ በሙሉ የፈታሁት።

ልጅስ? ትሉኛላችሁ። የለኝም። ሐኪሙ ተስፋ አለ ይላል፣ ግርማና እኔ እንጸልያለን። ጌታ ቢሰጠኝ ሁለተኛ ምስክርነት ይሆናል። ባይሰጠኝ ይህኛው አይፈርስም። ዛሬ በሕይወት ቆሜያለሁ፣ ማታ እተኛለሁ፣ ከሰው ጋር እሄዳለሁ። ጌታዬ ተመስገን፣ ጌታዬ ተመስገን!

አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። አንቺ በሩ አጠገብ የተቀመጥሽው እህት፣ ሻሽሽን ወደ ፊት ያወረድሽው። ማን እንዳመጣሽ አላውቅም። ስናገር ስናገር ዓይኔ ወደ አንቺ ሲሄድብኝ ነበር፣ የሌሎቹም እንደዚያው። ምናልባት የተጨነቅሽ እህት ነሽ። ምናልባት ጓድ የሺ ልካሽ ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ የተላከ ሰውም ይጨነቃል። የድሮዋ አስካለ ብትሆን አንቺን አይታ አፏን ትዘጋ ነበር። እኔ ግን አፌን ዘግቼ ልሞት ደርሼ አይቼዋለሁ፣ አልደግመውም።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ተይዘዋል። ዓርብ እኔ ሰው የለኝም። ማለዳ ጊዮርጊስ አጥር አጠገብ እቆማለሁ። ቁርስሽን በልተሽ ነይ።